ስለ ሰዓት ገጽ መለወጥ

የሰዓት ሥራው በውስጡ ነው፤ ምስክርነቱ ግን በገጹ ላይ ነው። ሞተሩ በክዳኑ ውስጥ ተሰውሮ ምንም ያህል በትክክል ቢዞር፣ ቍጥር የተጻፈበት ያ ቀጭን ሰሌዳ ከሌለ ጊዜውን የሚያውቅ አይኖርም። የቅኔ መምህርም ደቀ መዝሙሩን ሰሙን ንቀህ ወርቁን ብቻ ፈልግ አይለውም፤ ሰሙ ካልተስተካከለ ወርቁ መልክ አያገኝምና።

ገጹን መለወጥ ለዐዋቂ እጅ ረጅም ሥራ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይሻል። ሰዓት ሠሪው የኋላውን ክዳን ይከፍታል፤ መሙያውን ከነዘንጉ ነቅሎ ሞተሩን ከነገጹ ያወጣል፤ ከዚያም ሰዓት ቈጣሪውንና ደቂቃ ቈጣሪውን ያነሣል። ከገጹ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉ፤ እነዚህም በሞተሩ ቀዳዳዎች ገብተው በደቃቅ ብሎኖች ይጠበቃሉ። ብሎኖቹ ሲላሉ አሮጌው ገጽ ይነሣል፤ የአዲሱም እግሮች በዚያው ስፍራ ካልገጠሙ አይቀመጥም። በአሮጌው ገጽ ላይ በጨለማ እንዲያበራ የራዲየም ቀለም ተቀብቶ እንደ ሆነ ግን፣ ዱቄቱ ለሚተነፍሰው ሰው አደገኛ ስለ ሆነ መፋቅ አይገባም።

የከበረ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች ከወርቁ ክብደት ይልቅ ገጹን ይመረምራሉ። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሳይነካ የቈየ ገጽ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ የተተካ ወይም እንደ ገና የተቀባ ገጽ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚህም ሌላ ሰዓቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ይጠየቃል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ስዊስን በጐበኙ ጊዜ ተበረከተላቸው የተባለው የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በ2010 ዓ.ም. በጄኔቭ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል፣ የንጉሡ ቤተ ሰብ ጥያቄ ስላነሡ ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት ከሽያጩ አወጣው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚነሣው በነገሥታት ንብረት ላይ ብቻ አይደለም። በምዕራብ ሸዋ፣ በጀልዱ ወረዳ በምትገኘው በጎጆ ከተማ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በዘመነ ንጉሥ ስላገለገሉ በገጹ ላይ ዘውድ የታተመበት የወርቅ የእጅ ሰዓት ተሸልመው ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ስድሳ የሚያህሉ ሹማምንትና መኰንኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ያን ጊዜ ዘውድ በእጅ አስሮ መሄድ የሚያስፈራ ሆነ። ሽማግሌውም ሰዓቱን አዲስ አበባ ወስደው ጌጥ በሌለው ነጭ ገጽ አስለወጡት፤ የዘውዱን ገጽ በጨርቅ ጠቅልለው በዳዊታቸው ማኅደር ሸሸጉት። ሰዓቱን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ከእጃቸው አላወለቁትም።

እርሳቸው ካረፉ ከዓመታት በኋላ ባለቤታቸው ታመሙ፤ የሕክምናውም ዕዳ ከበደ። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ሰዓቱን ለመሸጥ ተስማሙ፤ የተሸሸገውንም ገጽ ይዘው ወደ ግንጪ ወረዱ፤ ከዚያም አምቦ ገቡ። አንድ ነጋዴ አይቶ፣ «የዘውዱን ገጽ አስመልሱት፤ ከተሸለመበት ቀን ጀምሮ ያልተነካ ነው በሉ፤ ዋጋው እጥፍ ይሆናል» አላቸው። ሰዓት ሠሪው ክዳኑን በከፈተ ጊዜ ግን፣ የፊተኛው ባለሙያ በውስጡ በመርፌ ጫፍ የጫረው ምልክትና «1967» የሚል ቍጥር ተገኘ። ታላቁ ልጅ ቍጥሩ እንዲፋቅ ፈለገ፤ ታናሹ እንቢ አለ። ክርክራቸውንም ወደ እናታቸው ይዘው ተመለሱ።

እናትም ከመኝታቸው ሳይነሡ ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ አባታችሁ ዘውዱን የሸሸጉት ነፍስ ከሚያጠፋ ሰው ነው። እናንተ ግን ገንዘቡን ከሚሰጣችሁ ሰው ልትሸሽጉ ነው። በሐሰት ከምድን ዕዳው ይቈየኝ» አሏቸው።

ከዚህ በኋላ የዘውዱ ገጽ ወደ ስፍራው ተመለሰ፤ ቍጥሩ ሳይፋቅ ቀረ። ነጩም ገጽ ከሰዓቱ ጋራ ተቀመጠ፤ የተለወጠበት ዘመንና ምክንያት በወረቀት ተጻፈ። ሰዓቱን የገዛው ሰው ሁሉን ዐውቆ ገዛ። ዋጋውም ነጋዴው ካለው አነሰ፤ የጐደለውን ዕዳ ልጆቹ በዚያ ዓመት የገብስና የድንች ምርት ከፈሉ።

በዚህ ቤት የተደረገውን ለሚመረምር፣ መሸሸግ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ይታወቀዋል። ረዓብ ሰላዮቹን በጣራዋ ላይ ሸሸገች፤ ሐናንያና ሰጲራም ከመሬታቸው ዋጋ ሸሸጉ። የእርስዋ ነፍስ ለማዳን ነበርና ተመሰገነች፤ የእነርሱ ግን ገንዘብ ለማትረፍ ነበርና ተፈረደባቸው። የሰዓት ገጽም እንዲሁ ነው። ያረጀ ቢታደስ፣ የሚያስፈራ ቢለወጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ የተለወጠውን አልተለወጠም ብሎ መሸጥ ነው። ሰዓት የሚታሰረው እውነተኛውን ጊዜ እንዲናገር ነውና፣ ባለቤቱ ስለ እርሱ ሐሰት ሊናገር አይገባውም።