የጤፍ ፍሬ የምታህል ጨረቃ

መቼም እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ጨረቃ ሲባል የምናውቀው በበጋ ሌሊት ለአውድማ ጠባቂ የምታበራውን አንዷን ብቻ ነው። ሰሞኑን የእኔን ሐሳብ የያዘችው ግን ሌላ ናት። ስሟ ፌቤ ሲሆን የምትዞረው የጥንት መጻሕፍት ዙሐል የሚሉትን ሳተርንን ነው።

የፌቤ ዲያሜትር 213 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሳተርን ግን 120,000 ይደርሳል። ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ብንጽፈው ተማሪው ይገለብጠዋል እንጂ አያየውም። ስለዚህ በአገራችን ዕቃ አሰብኩት። ሳተርን 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምጣድ ቢሆን፣ ትልቁ ጨረቃው ቲታን ባቄላ ሆኖ 6 ሜትር ርቆ ይቀመጣል። ፌቤ ግን አንዲት የጤፍ ፍሬ ሆና 65 ሜትር ያህል ትርቃለች። ቲታን አንዱን ዙር በ16 ቀን ሲጨርስ እሷን 550 ቀን ገደማ ይፈጅባታል፤ ያውም በተቃራኒው አቅጣጫ እየዞረች! በዚህም ምክንያት ሳይንቲስቶች እዚያው የተወለደች ሳትሆን ከሩቅ መጥታ በሳተርን ስበት የተያዘች ናት ይላሉ።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የተገኘችበት መንገድ ነው። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. በፔሩ አገር፣ አሬኪፓ ላይ፣ ስቱዋርት የተባለ ባለሙያ በተለያዩ ሌሊቶች ሰማዩን ፎቶግራፍ አነሣ። ዊልያም ፒከሪንግ ፎቶዎቹን ሲያስተያይ ከዋክብቱ በቦታቸው እንዳሉ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ፈቀቅ ማለቷን አየ። ግኝቱ በ1891 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል 3 ዓመት በኋላ ተገለጠ። ሰውዬው አንዱን ፎቶ ብቻ አይቶ ቢተወው ኖሮ ፌቤን ከሌላው ነጥብ ባልለያት ነበር።

በየገጠሩ ስንመደብ ከመተማ ወይም ከሑመራ ከወላጆቹ ጋር ተመልሶ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የሚመዘገብ ልጅ ያጋጥመናል። ከኋላ ይቀመጣል፣ አይናገርም። ታናሽ እኅቴ እንዲህ ነበረች። አንድ መምህር በአንድ ፈተና ብቻ «ይህቺ ልጅ አይገባትም» አሉ፤ በዓመቱ ትምህርቷን ተወች። ዛሬ ገበያ ላይ እህል ስትሸጥ ሂሳቡን ከእኔ ቀድማ ትጨርሳለች። ታዲያ ያልገባው ማን ነበር?

ፌቤንም ቢሆን ቀርቦ ያያት እስኪገኝ ብዙ ዘመን አልፏል። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ሰኔ 4 ቀን 1996 ዓ.ም. በ2,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ገደማ ስታልፍ ከጥቁሩ ገጿ ሥር በረዶ እንዳለ አሳየች። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከእሷ የሚረግፈው አቧራ በሳተርን ዙሪያ እጅግ ሰፊ ቀለበት መሥራቱ ታወቀ። የጤፍ ፍሬ ያልናት እንዲህ ያለ ነገር ሠርታለች።

በመጪው የማስተማር ልምምድ ይህን ትምህርት አቀርባለሁ። ምጣዱን ከፊት የተቀመጡት ይይዛሉ። ጤፏን 65 ሜትር ቆጥሮ የሚያስቀምጠውን ልጅ ግን የምመርጠው ከኋላ ወንበር ነው።