ሽንኩርትና አስማት

ወደን ያነበብነው መጽሐፍ ከተፈጸመ በኋላ ጥቂት ቅር ሲለን፣ ጒድለቱ የመጽሐፉ ይሁን የራሳችን ለመለየት ያስቸግራል። የሜክሲኮዋ ደራሲ ላውራ ኤስኪቬል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ያሳተመችው «እንደ ውኃ ለቸኮላታ» የተባለው የፍቅር ልብ ወለድ ይህን ስሜት አሳድሮብናል። አባባሉ በአገሩ ቋንቋ፣ ቸኮላታ ሊበጠበጥበት እንደ ተንተከተከ ውኃ ልቡ የፈላውን ሰው ያመለክታል።

በታሪኩ ውስጥ ያለው ቤት ልማድ፣ የመጨረሻዪቱ ሴት ልጅ ባል ሳታገባ እናቷን እስከ ዕለተ ሞታቸው እንድትጦር ያዛል። ስለዚህ ቲታ የምትወደውን ፔድሮን ታጣለች፤ እርሱም ከአጠገቧ ላለመራቅ ብሎ እኅቷን ያገባል። መጽሐፉ በ12ቱ ወሮች ስም በ12 ምዕራፍ ተከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ የምግብ አሠራር ተሰጥቶታል። አስማቱም የሚገባው በወጥ ቤት በር ነው። ቲታ ስትወለድ የፈሰሰው እንባ ደርቆ ጨው ይሆናል፤ ጨውም ተጠርጎ ለወጥ ይውላል። ለእኅቷ ሠርግ ኬክ ስትሠራ እንባዋ ከሊጡ ይገባል፤ የበሉትም ሁሉ በናፍቆት ያለቅሳሉ፣ ያስታውካሉ። እስከዚህ ድረስ ደራሲዋን ያለ ጥርጥር አመንናት፤ ምግብ የሠሪውን ልብ ይዞ ወደ በላተኛው እንደሚሻገር በእናቱ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃልና።

ቅር ያሰኘን ፍጻሜው ነው። ቲታስ እናቷን ተቃውማለች፤ የእኅቷ ልጅም በዚያው ልማድ እንዳትታሰር ታግላለች። ፔድሮ ግን ዘመኑን በመመኘት ይፈጃል። እናቲቱ ይሞታሉ፣ ሚስቲቱም ትሞታለች፤ በመጨረሻም ተአምረኛ እሳት ተነሥቶ ሁለቱን ፍቅረኞች ከነቤቱ ይበላቸዋል። ሰው ሊያደርገው የሚገባውን ሞትና አስማት አደረጉለት።

ባለፈው ፋሲካ ወደ ትውልድ ቀያችን ሄደን፣ ታላቅ እኅታችን ለዶሮው ወጥ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ተቀምጠን ታሪኩን ተረክንላት። ጨዉና ኬኩ አሳቋት። ስለ እሳቱ ስትሰማ ግን ቢላዋዋን አኖረችና፣

«ሰውዬው እግር አልነበረውም እንዴ? ይዟት አይሄድም ነበር?» አለችን።

መልስ አጣን። ለእርሷም በወጣትነቷ ሽማግሌ ተልኮላት ነበር። እናታችን ታመው ስለ ነበር፣ እኛም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን እንዳናቋርጥ ሲባል፣ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፤ እርሷም ከምድጃው ዳር ቀረች። ያን ዕለት እዚያው ነበርን። አፍ ነበረን፤ ነገር ግን አንዲት ቃል አልተናገርንም። ይህንኑ ያን ጊዜ ገልጠን ነገርናት።

ጥቂት ዝም ብላ ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች። ከዚያም ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ እርሷን ለመርዳት እቤት ወደ ቀረችው ወደ ታናሽ እኅታችን ልጅ እያመለከተች፣ «የኔስ አልፏል። ይህችን ግን ይዘሃት ሂድ» አለችን።

ልጅቱን ይዘናት ተመለስን፤ ትምህርት ቤት እስኪከፈትም ከእኛ ጋር ትቈያለች። መጽሐፉን አንብቡት እንላለን፤ ያማረ መጽሐፍ ነው። ፔድሮን የምትወቅሱ አንባቢዎች ግን፣ መጽሐፉን ከመክደናችሁ በፊት እኛ ዘግይተን እንዳደረግነው በየቤታችሁ ምድጃ ዳር ማን እንደ ተቀመጠ ተመልከቱ።