የግማሽ ሰዓቱ ወሬ

ነገሌ ቦረና ጂም ሳሠለጥን ልጆቹን በአንድ ወሬ ሰቅዤ ይዣቸው ነበር፦ ብረቱን ካስቀመጣችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዌይ ፕሮቲን ካልጠጣችሁ ልፋታችሁን ውኃ በላው። ዱቄቱን በሞያሌ በኩል እያስመጣሁ የምሸጥላቸውም እኔው ነበርኩ።

አንዱ ልጅ የሚመጣው ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ ነው። እናቱ በጭስ የታጠነ ጮጮ ሙሉ ወተት ያስይዙታል። «አሰልጣኝ፣ ይሄ አይሆንም?» ሲለኝ «ወተት የሕፃን ነው» ብዬ ሳቅሁበት። ቤተሰቡን ፍየል አስሸጠና የዱቄቱን ጣሳ ገዛኝ። ከዚያ በኋላ ጮጮውን ይዞ አልመጣም።

ሳላውቅ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ፕሮቲኑን ከስፖርቱ ሰዓት ጋር አጠጋግተው የወሰዱት ሰዎች ብልጫ ያገኙት ከሰዓቱ ሳይሆን በቀን የሚበሉት ፕሮቲን በዝቶ በመገኘቱ ነበር። ይህን ሳነብ መደርደሪያዬ ላይ ያልተሸጠ ዕቃ ነበር። እስኪያልቅ ዝም አልኩ።

ሒሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን 96 ግራም መሆኑ ነው። አንድ ሊትር የላም ወተት ብቻውን የዚህን ሲሶ ይሸፍናል። ከወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን፣ የቀረው ዌይ ነው። እኔ በውድ የምሸጠው፣ አይብ ሲወጣ የሚቀረውን አጓት አድርቀው ዱቄት ያደረጉትን ነበር! ዌይ ቶሎ ይፈጫል፤ ኬዚን ሆድ ውስጥ ይረጋና ቀስ እያለ ሌሊቱን ይዘልቃል። ልጁ ማታ ከመተኛቱ በፊት እናቱ የሚሰጡትን ወተት ቢጠጣ፣ ቀን ደግሞ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ሲገኝም እንቁላልና ሥጋውን በየማዕዱ ቢያከፋፍል ይበቃው ነበር።

ሰዓት ጨርሶ ዋጋ የለውም አልልም። በባዶ ሆድ የሠራ ሰው ቶሎ ቢበላ ይሻለዋል። በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት ብረት የሚያነሱ ልጆች ነበሩኝ፤ ለእነሱ ማፍጠሪያው ላይ በደንብ ብሉ፣ ሱሁር ላይ ወተት ጠጡ ማለት ሲገባኝ የሸጥኩላቸው ያንኑ ጣሳ ነው።

ዱቄቱንም አልኮንነውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረና ላይ ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ቀርቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ ወተት ከየቤቱ ሲጠፋ ዱቄት ቦታ ነበረው። ግን ያኔ ማን ሊገዛው?

ለልጁ እውነቱን የነገርኩት ዘግይቼ ነው። አልተቆጣም። «ፍየሏ እኮ እርጉዝ ነበረች» አለኝ። ዋጋዋን ልስጥህ ብለው፣ «የእሷን ብቻ ነው ወይስ ከነግልገሎቿ?» ብሎ ጠየቀኝ።