ከዕቅድ ክፍል በፊት ንብረት ክፍል

ሰኔ ሲገባ ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ዓይነት ጥድፊያ ይታያል። አንዱ ከከተማው ወጣ ሲሉ ነው፤ የጮቄ ሰማይ ሲጠቁር ገበሬው በሬውን ጠምዶ ይወጣል። ሌላው ቢሮ ውስጥ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልተነካ ብር ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ብሩ ቶሎ ዕቃ እንዲሆን ሰዉ ፕሮፎርማ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይሮጣል። ኮሚቴ ይሰበሰባል። የቆርቆሮውን ጣሪያ ዝናቡ ሲደበድበው ማን ምን እንዳለ በቅጡ አይሰማም፤ ቃለ ጉባኤው ግን «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል።

በዚህ ብር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ሥራዎቹን ሲመርጥ የሚሄድበት መንገድ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ከገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ጥሪ ከነጣሪያው ይመጣል። ትምህርት ክፍሎች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሬጅስትራር፣ ፋይናንስ ፍላጎታቸውን ይልካሉ። የአይሲቲ ክፍሉ ይሰበስባል፣ ኮሚቴ ነጥብ ይሰጣል፣ ማኔጅመንት ይቆርጣል። የነጥብ መስጫው ሰንጠረዥም ውጭ አገር ካሉት ብዙ አይለይም፦ ከስትራቴጂክ ዕቅዱ ጋር ይሄዳል ወይ፣ ስንት ሰው ይገለገልበታል፣ ስንት ብር ይፈጃል፣ ምን ያህል አስቸኳይ ነው? እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ያየ ሰው አንድ ነገር አያመልጠውም። በሌላው ዓምድ ሁሉ ነጥቡ ከፍ ዝቅ ይላል፤ «አስቸኳይ» በሚለው ሥር ግን ሁሉም ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። አስቸኳይ ያልሆነ ነገር የጠየቀ ክፍል እስካሁን አልተወለደም።

ቅደም ተከተል ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ወደ መወድስ ይወጣል። የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ጉባኤ ቃናው ሳይቀና መወድስ ልቁጠር የሚል ቢኖር ጓደኞቹ ለሳምንት የሚስቁበት ያገኛሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን መወድሱን ያስቀድማሉ። «ስማርት ካምፓስ» የሚል ሰነድ አንደኛ ይወጣል፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ሶኬት ይጠገን የሚል ማመልከቻ አሥራ ሰባተኛ ላይ ይቀመጣል። ሶኬት አይመረቅማ! ሪባን የሚቆረጥለት፣ እንግዳ የሚጠራለት፣ ፎቶ የሚነሣበት ነገር ሁልጊዜ ሁለት ነጥብ ይበልጣል።

አንዳንዴ ግን ዝርዝሩን የሚገለብጥ ቀን ከላይ ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናቸውን በኮምፒውተር ተፈተኑ። ተማሪው ስክሪን ፊት ተቀምጦ መብራት ቢጠፋ የሚመጣውን ጣጣ ለማስረዳት የጥናት ሰነድ አያስፈልግም። ጄኔሬተር፣ ዩፒኤስ፣ ስዊችና ኬብል ነጥብ ሳይሰጣቸው በአንድ ሌሊት አንደኛ ሆኑ። ለካስ አስቸኳዩ ነገር ዝርዝሩ ግርጌ ተኝቶ ኖሯል።

ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በአማራ ክልል ጦርነት ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ዓመት ገደማም ቆየ። ያን ጊዜ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ራሱን አስገባ፦ ይህ ነገር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ተማሪ በስልኩ እንዲያነብ የታሰበ ትምህርት ስልኩ ላይ ዳታ ከሌለ የት ይነበባል? የግቢው ሰርቨር ላይ ያለ መጽሐፍና ባሕር ማዶ ያለ መጽሐፍ ልዩነታቸው ያን ሰሞን ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰርቨርና ላይሰንስ ዋጋቸው በዶላር ነው። ጨረታው እስኪከፈት የጸደቀው ብር ግማሽ ዕቃ የማይገዛ ሆኖ የተገኘበት መሥሪያ ቤት ቢኖር አይገርምም።

አንድ የማይነገር ነገርም አለ። አዲስ ነገር የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ከካፒታል በጀት ነው፤ የተገዛውን ማደስና መጠገን ደግሞ ከመደበኛው። ካፒታሉ ፕሮጀክት ነው፤ ሪፖርት አለው፣ አፈጻጸሙ በመቶኛ ይገለጻል። ጥገናው ከጽዳት ዕቃና ከነዳጅ ጋር ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ የአምስት መቶ ኮምፒውተር ግዥ ከአምስት መቶ ኮምፒውተር ጥገና ይልቅ ይቀናል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዘመን የተከፈቱ እኩዮቹም አሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ግቢ ግድግዳው ውስጥ ያረጀ ኬብል መኖሩ የማይቀር ነው። ኬብል ደግሞ እርጅናውን አይናገርም፤ ሰዉ «ኔትወርክ የለም» ይላል እንጂ።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ክፍል ግን ስብሰባ ላይ አይጠራም። እሱም ንብረት ክፍል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። ማንኛውም ፕሮጀክት ዕቅድ ክፍል ውስጥ «ተጠናቋል» ይባል እንጂ ቀሪ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው፦ ላስቲኩ ያልተላጠ ስክሪን፣ ባትሪው ያበጠ ዩፒኤስ፣ ሶፍትዌሩ የጠፋ የጣት አሻራ ማንበቢያ፣ ማስወገጃ ኮሚቴ እስኪቋቋም የሚጠብቅ የፕሪንተር ክምር። ሌላው ምስክር የሬጅስትራር ጠረጴዛ ነው። ሲስተሙ ተዘርግቶ የተመረቀ ነው፤ ከጎኑ ግን ጠርዙ የተበላ የእጅ መዝገብ ይቀመጣል። ከሲስተሙ የወጣው ወረቀት ታትሞ ይፈረምበታል፣ ቲተርና ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ተመልሶ ስካን ይደረጋል። ያ መዝገብ እዚያ እስካለ ድረስ ሲስተሙ ገና አላለቀም፤ መዝገቡን የያዘችው ሠራተኛ አላመነችውምና።

እኔ ኮሚቴ ውስጥ ብሆን ኖሮ ሁለት ነገር ብቻ እጠይቅ ነበር። አንደኛ፣ የግምገማው የመጀመሪያ አጀንዳ የንብረት ክፍል የማስወገጃ ዝርዝር ይሁን፤ ያለፈው ፕሮጀክት የት እንደ ወደቀ ሳይታይ የሚቀጥለው አይጽደቅ። ሁለተኛ፣ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ በሦስተኛው ዓመት ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መልሱም የክፍል ስም ሳይሆን የሰው ስም ይሁን፤ ፊርማ ይኑረው። ያ ዓምድ የተጨመረ ዕለት «አስቸኳይ» የሚለው ዓምድ ብዙ ነጥብ ማጣቱ አይቀርም።