ማራገቢያው ለማን ነበር?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን የገጠመኝን ላጫውታችሁ። በተምርና በውኃ ካፈጠርኩ በኋላ ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ በበርበሬ የቀላው የሥጋ ወጥ ይከታተላል፤ እስከ ጉሮሮዬ እበላ ነበር። ተራዊሕ ላይ ገና በ4ኛው ረከዓ ግንባሬ ላብ ያንጠባጥባል፣ ትንፋሼ ያጥራል። አንድ ምሽት ከ8ኛው ረከዓ በኋላ ጀመዓውን ትቼ ወጣሁ። በማግስቱም የመስጊዱን ኮሚቴ «ሙቀቱ አላሰግድ አለን፤ ማራገቢያ ይገዛልን» አልኩ። ይህን የሰማ አንድ ትንሽ ደረሳዬ «ኡስታዝ፣ እኛ እኮ በርዶን ነበር» አለኝ።

አፈርኩ። አንድ የጤና ባለሙያ ወንድማችንን ብጠይቅ ነገሩን አስረዳኝ። የበላነውን ለመፍጨትና ለማከማቸት ሰውነት ጉልበት ያወጣል፤ ጉልበቱም ሙቀት ይሆናል። ከተለመደው ምግብ ከምናገኘው ኃይል 10 በመቶ ያህሉ በዚህ ያልቃል፤ ሥጋን በመሰለ ፕሮቲን ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ማዕዱ በከበደ ቁጥር ሙቀቱ ይበዛል፣ ለሰዓታትም ይቆያል። ሰውነትም ሙቀቱን 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ለማቆየት ላብ ያወጣል። በርበሬ ደግሞ ቃጠሎን የሚለዩ ነርቮችን ስለሚነካ፣ ባይሞቀንም ፊታችንን ያልበዋል።

ለካስ ማራገቢያ የሚያስፈልገው ለመስጊዱ ሳይሆን ለሆዴ ኖሯል! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ እንድንተው ማስተማራቸውን ለደረሶቼ ስንቴ ነግሬያለሁ። እኔ ግን የትንፋሹን ሲሶ በሳምቡሳ ሞላሁት። ኮሚቴው ዘንድ ተመልሼ ቃሌን አነሳሁ፤ የታሰበው ገንዘብም ለመድረሳው ምንጣፍ ዋለ።

ዛሬ በተምር፣ በሾርባና በአንዲት ሳምቡሳ አፈጥራለሁ፤ ወጡን ከተራዊሕ በኋላ በልኩ እቀምሳለሁ። አልሐምዱ ሊላህ፣ 20ውን ረከዓ ከኢማሙ ጋር እጨርሳለሁ።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ላብ ሁሉ የጥጋብ አይደለም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጾም ሰዓት ቀዝቃዛ ላብ ካላበውና ከተንቀጠቀጠ፣ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ያፍጥር፤ ጣፋጭ ነገር ይውሰድ፤ ሐኪሙንም ያማክር። ሲጀመርም ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ከምንነግራቸው ይልቅ ሰሐናችንን ያያሉ። አላህ (ሱ.ወ) ባወቅነው የምንሠራ ያድርገን። አሚን።