ከአልጋ ሥር ያለው ባቡር

ለሞያሌ ነጋዴ ስለ ቦታ ጥበት ማስተማር አያስፈልግም። ከፊት ሱቅ፣ ከጀርባ አንድ ክፍል። በዚያች አንዲት ክፍል እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና ያልተሸጠ ዕቃ አብረን እናድራለን።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ከድሬዳዋ ወደ እኛ መጣ። ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ነው። የያዘው አንድ ሻንጣና አንድ ካርቶን ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ ሳልጠይቅ፣ «አባዬ፣ ይሄን የምናስቀምጥበት ቦታ የለንም» አልኩት። ዝም አለ። እኔ የተናገርኩት ስለ ካርቶኑ ነበር፤ እሱ ግን ስለ ራሱ ሰማው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት «ወደ ቤቴ ልመለስ» ከማለት በቀር ብዙም አላወራ።

ካርቶኑን የከፈተው ትልቁ ልጄ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ባቡር አገኘ፦ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎና ጥቂት ሐዲድ። ጀርመን የምትኖረው እህቴ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ገዝታ ከዓመታት በፊት የላከችለት ነው። «አባባ፣ ይሄ ይሄዳል?» ሲለው አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋው ተነሳ።

ያን ማታ ብዙ አስተማረን። እንዲህ ያሉ ባቡሮች እንዲሁ በግምት አይሠሩም፤ ልክ አላቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀው መጠን ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፤ ሰፊ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ኤን የሚባለው 160 ጊዜ ያንሳል። ማርክሊን የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዜድ ደግሞ 220 ጊዜ ያንሳል፤ ጠባቡ ክቡ 29 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሰፌድ ላይ ይበቃዋል። የኛው ኤን ነው። ክቡ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 60 በ90 የሆነ ኮምፔንሳቶ ቆርጠን፣ ከተሰበረ ሻንጣ ጎማ ነቅለን ከሥሩ ገጠምንለት። አሁን ሲፈለግ ከአልጋ ሥር ይወጣል፣ ሲያበቃ ይገባል።

አባቴ ግን ሐዲዱን ለክቶ ቅር አለው። «ይሄ የኔ መስመር አይደለም» አለ። የኤን ሐዲድ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ160 ሲባዛ 1 ሜትር ከ44 ሴንቲ ይሆናል። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ መስመር ግን ልኩ 1 ሜትር ነው። ለሱ የሚስማማው 6 ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነው የዜድ ሐዲድ ነው። ለሱ ገንዘብ አልነበረንም። «እንግዲህ አዲሱ ባቡር ይሁን» ብሎ ተስማማ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ መስመር 1435 ሚሊ ሜትር ነውና።

«የኬንያውስ?» አለ ልጄ። ከሞምባሳ ተነስቶ በ1901 እ.ኤ.አ. ኪሱሙ የደረሰው የድሮው መስመርም 1 ሜትር ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ሞምባሳና ናይሮቢን ያገናኘው አዲሱም 1435 ነው። ሁለቱ አገሮች ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ልክ መርጠዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ አልተገናኙም። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የላሙ ወደብ ዕቅድ በኢሲዮሎና በሞያሌ የሚያልፍ ባቡር ነበረው። እኛ ግን ዕቃችንን ዛሬም በመኪና እናመላልሳለን።

ልጄ ከሳሙና ካርቶን የሞያሌን ጣቢያ ሊሠራ ተነሳ። አባቴ «የሌለ ጣቢያ አይሠራም» ብሎ ከለከለው። በአንድ በኩል ድሬዳዋን፣ በሌላው ናይሮቢን ሠሩ፤ መሃሉን ባዶ ተዉት። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ባዶው ቦታ ላይ ከክብሪት ሳጥን የተሠራ የጭነት መኪና ቆሞ አገኘሁ። የማን ሐሳብ እንደሆነ ሁለቱም አይናገሩም።

መሞከር ለሚፈልግ፦ ትልቁ ጠላት የሞያሌ አቧራ ነው። ሎኮሞቲቩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ በጎማው በኩል ስለሆነ፣ ሐዲዱ ከቆሸሸ ይቆማል። አባቴ በየማታው አልኮል በነካው ጨርቅ ይወለውለዋል። መብራት ሲጠፋ በ9 ቮልት ባትሪ ቀስ እያለ ይሄዳል።

ከአልጋ ሥር የነበሩትን ሁለት ማዳበሪያ ዕቃ በኪሳራ ሸጥኳቸው። ባለቤቴ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ አሁን «አባባ፣ ባቡሩ ደረሰ?» እያለች ሻይ ታቀርብለታለች። አባቴ አሁንም አልፎ አልፎ «ወደ ቤቴ ልመለስ» ይላል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱም «ስለ ካርቶኑ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

በኛ ሥራ «ቦታ የለንም» የሚለው ቃል ከአፋችን አይጠፋም፤ ለአከፋፋይም ለሹፌርም እንለዋለን። ቤት ለመጣ ሰው ስንለው ግን እንጠንቀቅ። 60 በ90 የምትሆን ቦታ ከአልጋ ሥር አትጠፋም።