እስከ ዲላ መጥቶ ነበር

ባለፈው ዓመት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለሥራ ሥልጠና ወደ ቬትናም ሄድን። አራታችንም ዲላ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን፣ በአንድ የጸሎት ኅብረት ያደግን ነን። በአንዱ ላይ ግን ቂም ይዤበት ነበር። አባቴ አሪቻ ባረፈ ጊዜ ለቅሶ ሳይደርስ ቀርቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም እለዋለሁ፣ አብሬው እጸልያለሁ፤ በልቤ ግን ይቅር አላልኩትም።

ሃኖይ ሞተር ሳይክል እንደ ጎርፍ የሚፈስባት ከተማ ናት። መንገዱ ጭር እስኪል ብትጠብቁ አትሻገሩም። የአገሩ ሰዎች፣ “አትሩጡ፣ አትቁሙ፤ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ እነሱ ራሳቸው ዞረው ያልፏችኋል” ብለው መከሩን። ጓደኞቼ ተሻገሩ፤ እኔ መሃል ላይ ደንግጬ ቆምኩ። ተመልሶ እጄን ይዞ ያሻገረኝ ያ ቂም የያዝኩበት ወንድም ነበር። አመስግኜው እጄን ቶሎ አስለቀቅሁ።

ማታ መንገድ ዳር በትንንሽ የፕላስቲክ በርጩማዎች ተቀምጠን፣ በስኳር የተመታ የእንቁላል አስኳል የሚደረግበትን የሃኖይ ቡና ጠጣን። “እናቴ ይህን ብታይ ቡናውን አበላሹት ትላለች” ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅሁ። ቂም እኮ ከሳቅ ጋር አብሮ ይቀመጣል።

ቅዳሜ ወደ ሃ ሎንግ የባሕር ወሽመጥ ሄድን። ጀልባችን ከባሕሩ ቀጥ ብለው በወጡ፣ አረንጓዴ በለበሱ የድንጋይ ደሴቶች መካከል ታልፍ ነበር። አስጎብኚያችን ደሴቶቹ 1,600 ያህል እንደሆኑ፣ ስፍራውም እ.ኤ.አ. በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ እንደተመዘገበ ነገረችን። አንዱ ጓደኛችን “የእኛም የጌዴኦ ምድር በ2016 ዓ.ም. ተመዝግቧል” ብሎ ስለ ቡናው፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ትክል ድንጋዩ ያወራላት ጀመር። የአሪቻው ጓሯችን ትዝ አለኝ፤ አባቴም ትዝ አለኝ።

ጓደኞቼ መዝሙር ጀመሩ። የእኔ አፍ አልከፈት አለ። መዝሙር 139፥9-10 በባሕር ዳርቻም ብንሆን የእግዚአብሔር እጅ በዚያ እንዳለች ይናገራል። ይህን ክፍል ሁልጊዜ ለመጽናኛ አነበው ነበር፤ ያን ቀን ግን ጥያቄ ሆነብኝ፦ ከአሪቻ እስከዚህ ይዘኸው የመጣኸው ምንድን ነው?

ተነሥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። “ለአባቴ ለቅሶ ለምን ቀረህ?” አልኩት። ብዙ ዝም አለ። “እስከ ዲላ መጥቼ ነበር” አለኝ። ያን ሰሞን ከሥራ ወጥቶ፣ የመሳፈሪያ እንኳ ተበድሮ ነው የመጣው። ባዶ እጁን እናቴ ፊት መቆም አፍሮ፣ ዲላ አድሮ ጠዋት ተመለሰ።

ሁለታችንም አለቀስን። ጌታ በማቴዎስ 18፥15 የተበደለው ሄዶ ወንድሙን ለብቻው እንዲያነጋግር አዟል። እኔ ግን እሱ እስኪመጣ ስጠብቅ ሦስት ዓመት አለፈ። ምክንያት ባይኖረውስ ኖሮ? ያኔም ይቅር ማለት ነበረብኝ። ክርስቶስ ይቅር ያለኝ ምክንያቴ አጥጋቢ ሆኖ አይደለምና (ኤፌሶን 4፥32)።

ስንመለስ አሪቻ ይዤው ሄድኩ። እናቴ “ልጄ፣ ምነው ዘገየህ?” ብቻ አለችውና ቡና አፈላች።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሳትጠይቁት የፈረዳችሁበት ሰው አለ? ሳይመሽ ደውሉለት። ጌታ ሆይ፣ ቀድመን የምንሄድበትን ጸጋ ስጠን። አሜን።